ሁለት መንገደኞች በላሙ ደሴት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የዕረፍትን ጊዜ በሚገባ ስለ ማሳለፍ» የሚል ነው። ርእሱን በሰማን ጊዜ አንዳንዶቻችን ፈገግ ብለናል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሰን ከዚህ ግቢ የምንወጣ ስለ ሆንን፥ ዕረፍት የሚለው ቃል ለጆሮአችን ከማናቸውም ቃል ይልቅ ይጣፍጣል። ነገር ግን ተሰብስበን በተወያየንበት ጊዜ ዕረፍት ማለት ምን እንደ ሆነ መናገር ቀላል ሆኖ አላገኘነውም። መተኛት ነውን? ከሥራ መሸሽ ነውን? ወይስ ሰው ራሱን የሚያድስበት ሌላ ዓይነት ሥራ ነው?

በአገራችን ልማድ ያለ ጉዳይ የሚዞር ሰው አይመሰገንም። ከመንገድ ስንመለስ «ምን ጉዳይ ኖሮህ ሄድህ?» ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው፤ «ምን አይተህ መጣህ?» ብለው የሚጠይቁን ግን ጥቂቶች ናቸው። ጉዞ ለነጋዴ፥ ለወታደርና ለተሳላሚ የተፈቀደ ነው፤ ለማየት ብቻ የሚሄደው ግን ሥራ ፈት ይባላል። ዛሬ በእናንተ ፊት ልንከራከርበት የመጣነው በዚሁ ነገር ነው።

ርእሱን በባዶው ከምንተነትነው አንድ ምሳሌ ይዘን ብንከተል ይሻላል ብለን ተስማማን። ምሳሌያችን ሁለት መንገደኞች ናቸው፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው አንዳንድ ከረጢት በጀርባቸው አንግተው በጥቂት ገንዘብ ወደ አንዲት ሞቃት የባሕር ዳር ከተማ የሚሄዱ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ስም የላቸውም፤ በየዓመቱ እንዲህ አድርገው የሚጓዙትን ብዙ ወጣቶች እንዲወክሉልን በአሳባችን የፈጠርናቸው ናቸው። ከተማይቱ ግን በእውነት ያለች ናት፤ ስምዋም ላሙ ይባላል።

ደግሞም ነገሩን ጠልቀን ስንመለከተው ከረጢት አንግቶ መዞር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ ከጎጃም ወደ ጎንደር ከጎንደር ወደ ወሎ እየተሻገረ ቅኔና ዜማ ይፈልግ የነበረው በእግሩ ነው። በየደጁ ቁራሽ ይለምን ነበር፤ ውሻም ይጮኽበት ነበር፤ ዳሩ ግን የሰዉን ጠባይ፥ የወንዙንና የተራራውን ስም ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ሁለቱ መንገደኞቻችን ከእርሱ የሚለዩት ለዕረፍት በመሄዳቸው ነው፤ እርሱን የሚመስሉት ደግሞ ጥቂት ይዘው ብዙ ለማየት በመፈለጋቸው ነው።

ላሙ በጎረቤታችን በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ፥ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ፥ ከምድር ወገብ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ወረድ ብላ የምትገኝ ደሴት ናት፤ ከተማይቱም በደሴቲቱ ስም ትጠራለች። ሰው ሳያቋርጥ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ኖሮባታል። ዩኔስኮ በ2001 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገባት፥ በምሥራቅ አፍሪቃ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ጥንታዊትና መልክዋን ከሁሉ ይልቅ ጠብቃ የቈየች በመሆንዋ ነው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ላሙ በአይሮፕላን ይሄዳል፤ አይሮፕላኑም የሚያርፈው አጠገብዋ ባለችው በማንዳ ደሴት ነው። የእኛዎቹ መንገደኞች ግን የመንገዱን ደኅንነት ከዐዋቂ ጠይቀው፥ ከሞምባሳ በአውቶቡስ ተሳፍረው፥ ማሊንዲን አልፈው ሞኮዌ እስከሚባለው የጀልባ ማረፊያ ይደርሳሉ። በአይሮፕላንም የመጣ በአውቶቡስም የመጣ፥ የመጨረሻዋን መንገድ የሚሻገረው በጀልባ ነው። በላሙ በር ላይ ሀብታምና ድኻ በአንድ ውሃ ይረጠባሉ ማለት ነው።

ጀልባይቱ ስትቀርብ በመጀመሪያ የሚታየው በባሕሩ ዳር የተሰለፈው ነጫጭ ቤት፥ ከፊቱም ሸራቸውን የጠቀለሉ ሳንቡኮች ናቸው። ሁለቱ መንገደኞች ከረጢታቸውን አንሥተው ወደ ምድር ሲወርዱ አንድ የጐደለ ነገር እንዳለ ይሰማቸዋል፤ ምን እንደ ሆነ ግን ቶሎ አይገባቸውም። የጐደለው የመኪና ድምፅ ነው። የአሮጌይቱ ከተማ መንገዶች እጅግ ጠባብ ስለ ሆኑ መኪና አያልፍባቸውም፤ ሲሚንቶውን፥ አሸዋውን፥ የውሃውን ጀሪካን፥ የሙሽራይቱን ዕቃ ሁሉ የሚያመላልሰው አህያ ነው። ሁለት የተጫኑ አህዮች በጠባቡ መንገድ ፊት ለፊት ቢገናኙ የሚያስታርቃቸው ትዕግሥት ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ «አህያ» ስድብ ነው፤ በላሙ ግን አህያ ከ1987 ዓ. ም. ጀምሮ ያለ ዋጋ የሚታከምበት የራሱ ሐኪም ቤት አለው።

ሁለተኛው የሚያስደንቅ ነገር ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊ የሚናገር ሰው «ሳ ሞጃ» ሲል አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፤ ይኸውም ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ የሚቈጠር ነው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ በዚህ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል፤ ጀልባም ያመልጠዋል። ኢትዮጵያዊ ግን የእጁን ሰዓት ሳያዞር እንደ ቤቱ ይኖራል። ከጠረጴዛም ሲቀርብ ሳሕኑን «ሳሃኒ»፥ ስኳሩን «ሱካሪ»፥ ሳምቡሳውን ያው «ሳምቡሳ» ሲሉት ይሰማል። እኛ በሰው ደጅ ቆመን «ቤቶች!» ብለን እንደምንጣራ እነርሱም «ሆዲ!» ብለው ይጣራሉ፤ ከውስጥም «ካሪቡ» የሚል መልስ ይሰጣል፤ ግቡ፥ ቅረቡ ማለት ነው። ባሕር የሌለን ሕዝብ ብንሆንም ባሕሩ ከሩቅ ሆኖ ወደ ቋንቋችን ገብቶ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

መንገደኞቻችን አልጋ የሚከራዩት በአሮጌ ቤት ውስጥ ነው። የላሙ ቤት ግድግዳው ኮራል ከሚባለው ከባሕር ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ኖራውም የሚገኘው ያው ድንጋይ ተቃጥሎ ነው። ጣራውን የሚሸከመው በጨው ውሃ ውስጥ ከሚበቅለው ማንግሮቭ ከተባለው ዛፍ የተቈረጠ ግንድ ነው። እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ርዝመቱ የተወሰነ ስለ ሆነ የክፍሎቹ ስፋት ከሦስት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ የአሮጌው ቤት ክፍል ሁሉ ረዥምና ጠባብ ነው። የቤቱን መልክ የወሰነው ዛፉ ነው እንጂ ሠራተኛው አይደለም። ይህን ያስተዋለ ተማሪ ጂኦግራፊና ሒሳብ በአንድ ጣራ ሥር ይማራል።

ቤቱ ከውጭ ሲያዩት ከተቀረጸው ከእንጨት በሩ በቀር ጌጥ የለውም። ከደጃፉ ግራና ቀኝ ግን ለመጣ ሁሉ መቀመጫ የሚሆን የድንጋይ መደብ አለ። ከውስጥ በግድግዳው ላይ ከሸክላና ከኖራ ዕቃ ጋር መጻሕፍት የሚቀመጡባቸው ትንንሽ የተጌጡ ጎድጓዳ ስፍራዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው ወፍራም ስለ ሆነ ቀትር ላይ ሳይቀር ይቀዘቅዛል፤ ማታ ደግሞ ከጣራው ላይ ወጥቶ ነፋስ መቀበል ይቻላል።

የመጀመሪያው ቀን እንግዲህ የዕረፍት ቀን ነው። መንገደኞቹ በገበያው አጠገብ ያለውን ምሽግ ያያሉ። ምሽጉ በ1813 ዓ. ም. ግድም ተጀምሮ በ1821 ዓ. ም. ተፈጸመ፤ ኋላም እስከ 1984 ዓ. ም. ድረስ እስር ቤት ሆኖ ከቈየ በኋላ ዛሬ ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። እስረኛ ይቈጠርበት በነበረው ቤት ዛሬ መጻሕፍት ይቈጠሩበታል። ከዚህ የተሻለ ሹመት ለአንድ ግንብ ሊሰጠው የሚችል አይመስለንም። ከቀትር በኋላ ከተማው ዝም ይላል፤ መንገደኞቹም ከጥላ ሥር ተጋድመው የማንጎና የተማርሂንዲ ጭማቂ እየጠጡ መጽሐፍ ያነባሉ። ሚስትየዋ «አሁንስ ምን እናድርግ?» ብላ ብትጠይቅ የቤቱ ባለቤት «ሃራካ ሃራካ ሃይና ባራካ» ብላ ትመልስላታለች። «ችኮላ በረከት የለውም» ማለት ነው። «ባራካ» የምትለው ቃል በረከት መሆንዋን ለአማርኛ ሰሚ መንገር አያስፈልግም፤ እኛም በበኩላችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንላለን። ስድስት ቀን ሠርተህ በሰባተኛው ዕረፍ የተባለው ትእዛዝ ሰውን ለማስነፍ ሳይሆን ሰው ሥራውን ዞር ብሎ እንዲመለከት መሆኑ በእንዲህ ያለ ቀትር ይገባል።

በሁለተኛው ቀን በባሕሩ ዳር በእግራቸው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ሼላ ወደምትባለው መንደር ይሄዳሉ። እዚህ ባሕሩ ራሱ አስተማሪ ነው። ከእኛ መካከል ባሕር አይተን የማናውቅ ብዙዎች ነን፤ ስለዚህ ባሕር በሃያ አምስት ሰዓት ያህል ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል በመጽሐፍ አንብበን ለፈተና እንጽፈዋለን እንጂ አናምነውም። የሼላ ሰዎች ግን ታሪካቸው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። በ1810ዎቹ መጀመሪያ የፓቴና የሞምባሳ ጦር በጀልባ መጥቶ ከላሙ ሰዎች ጋር በዚህ አሸዋ ላይ ተዋጋ። የመጣው ጦር ተሸንፎ ወደ ጀልባዎቹ በሸሸ ጊዜ ባሕሩ ጎድሎ ጀልባዎቹ በደረቅ ምድር ተቀምጠው አገኛቸው ይባላል። የባሕርን ሰዓት ያልቈጠረ ሠራዊት ማምለጫ አጣ። ለታሪክ ተማሪ የጦር አለቆችን ስም ከማወቅ ይልቅ የጨረቃንና የባሕርን ነገር ማወቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ከሼላ ወዲያ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ የአሸዋ ዳር አለ፤ ከጀርባውም የአሸዋ ኮረብቶች ተነሥተዋል። መንገደኞቹ ውሃ በጠርሙስ ይዘው፥ ራሳቸውን ሸፍነው፥ በማለዳ ይነሣሉ፤ ምክንያቱም በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ የጥላ ዛፍ እንኳ የለም። ይዋኛሉ፤ ዛጎል ይለቅማሉ፤ ከአሸዋው ጫፍ ላይ ሆነው እንደ ልጅ ይንሸራተታሉ። ያ አሸዋ ግን መጫወቻ ብቻ አይደለም። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ውሃው በአሸዋው ውስጥ ሰርጎ ከታች ይከማቻል፤ ጨው አልባው ውሃ ከባዱ የባሕር ውሃ ላይ ተንሳፎ ስለሚቀመጥ የላሙ ሰዎች ጕድጓድ ቈፍረው ይቀዱታል። ኮረብቶቹ የከተማይቱ ጋን ናቸው። በአሸዋው ላይ ሆቴል ቢደረደርበትና ቈሻሻ ውሃ ቢፈስበት ግን ጋኑ ይበላሻል። መንገደኛው የተንሸራተተበት ነገር የሰው ሁሉ መጠጥ መሆኑን ካላወቀ አየ ሊባል አይችልም።

የሦስተኛው ቀን ጉዞ ጀብዱ ያለበት ነው። በማንዳ ደሴት ላይ ታክዋ የምትባል የፈረሰች ከተማ አለች፤ ወደ እርስዋም በሸራ ጀልባ ይሄዳል። ሸራው ባለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ነፋሱ ሲበረታና ጀልባይቱ ስትዘነብል ከወገብዋ ላይ ወደ ውጭ አንድ ረዥም ሳንቃ ይገፋና ሰው በጫፉ ላይ ሄዶ ይቀመጥበታል። ከበታቹ ባሕር ነው፤ ክብደቱ ጀልባይቱን ያቀናታል። መንገደኞቹም ተራ በተራ እንዲቀመጡ ይጠየቃሉ፤ የመጀመሪያው ጊዜ ያስፈራል፤ ሁለተኛው ጊዜ ያስቃል፤ በሦስተኛው ጊዜ ግን መንገደኛው ጭነት መሆኑ ቀርቶ መርከበኛ የሆነ ይመስለዋል።

ነፋሱም የዘፈቀደ አይደለም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን «ካስካዚ»፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ወራት ከደቡብ የሚነፍሰውን «ኩሲ» ይሉታል። በጥንት ዘመን የዓረብና የሕንድ መርከቦች በካስካዚ ይመጡ፥ በኩሲም ይመለሱ ነበር። የላሙ አካባቢ ሰዎች ምቴፔ የሚባለውን መርከብ ያለ ምስማር፥ ሳንቃውን በኮኮነት ገመድ እየሰፉ ይሠሩት ነበር። የጣናን ታንኳ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም፤ የውሃ ሰው በየአገሩ በእጁ ካለው ነገር ይሠራልና።

ወደ ታክዋ የሚያስገባው መንገድ በማንግሮቭ ደን መካከል ያለ ጠባብ የውሃ ሥርጥ ነው፤ ባሕር ሲሞላ ካልሆነ በቀር ጀልባ አያሳልፍም። ዛፎቹ ሥራቸውን በጭቃው ላይ እንደ ሸረሪት እግር ዘርግተው ይቆማሉ፤ በሥሮቹ መካከል የዓሣ ግልገሎች ከትልልቆቹ ተሸሽገው ያድጋሉ። ከኬንያ የማንግሮቭ ደን ከግማሽ የሚበልጠው ያለው በላሙ አውራጃ ነው። ደኑ ቢቈረጥ ቤት የሚሠራበት እንጨት ብቻ ሳይሆን መረብ የሚሞላው ዓሣም አብሮ ይጠፋል።

ታክዋ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት የለማች፥ በ17ኛው መቶ ዓመት ሰው ትቷት የሄደ ከተማ ናት። ዛሬ በቅጥርዋ ውስጥ መስጊድዋ፥ የቤቶች ፍራሽና ትልልቅ የባኦባብ ዛፎች ይታያሉ፤ ከውጭም በዓረብኛ 1094 ዓመተ ሒጅራ የሚል የተጻፈበት ባለ ዐምድ መቃብር አለ። የጕድጓዱ ውሃ ጨው ስለ ሆነ ነው የፈረሰችው የሚሉ አሉ፤ ከፓቴ ጋር በነበረው ጠብ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱ መንገደኞች በባኦባቡ ሥር ተቀምጠው ያመጡትን እንጀራ መሳይ ቂጣ እየቈረሱ ስለዚህ ይከራከራሉ እንበል። ከተማ በውሃ ይጠፋል ወይስ በጠብ? ለእኛም የሚሆን ጥያቄ ነው። ጀልበኛው ግን ክርክሩ ሳያልቅ ይጠራቸዋል፤ ባሕሩ መጉደል ጀምሯልና፥ የሼላ ጦር ትዝ ይላቸዋል፤ ሮጠው ይሳፈራሉ።

ማታ ከቤት ሲመለሱ ዓሣ በኮኮነት ከተቀቀለ ሩዝ ጋር ይበላሉ፤ ከዚያም በትንሽ ሲኒ ዝንጅብል የገባበት ቡና ይቀርባል። ቡናው ከእኛ አገር ተነሥቶ በባሕር ዞሮ ዓለምን ያዳረሰው ነው። እኛ ወደ ባሕር ባንደርስ ቡናችን ቀድሞናል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ እስከ አሁን የነገርናችሁ ደስታውን ነው። ደስታ ሁሉ ግን ዋጋውን የሚከፍልለት ሰው አለው። ስዋሂሊዎች እንግዳን በሚመለከት አንድ ምሳሌ አላቸው፤ «ምጌኒ ሲኩ ምቢሊ፤ ሲኩ ያ ታቱ ምፔ ጄምቤ» ይላሉ። «እንግዳ ሁለት ቀን ነው፤ በሦስተኛው ቀን ዶማ ስጠው» ማለት ነው። መንገደኞቻችን ሦስት ቀን ተቀምጠዋልና፥ ዶማቸው ምንድን ነው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

የመጀመሪያው ዶማ አክብሮት ነው። ላሙ የእስልምና ትምህርት ከተማ ናት፤ የነቢዩ መሐመድን ልደት ለማክበር በየዓመቱ ከሩቅ ሕዝብ ይሰበሰብባታል። እዚሁ አካባቢ ምዋና ኩፖና የተባለችው ሴት በ1858 ዓ. ም. ለልጅዋ ምክር ይሆን ዘንድ በስዋሂሊ ረዥም ግጥም ደርሳለች። እንዲህ ያለ የመጽሐፍና የጸሎት ከተማ ገብቶ በዋና ልብስ በገበያ መዞር፥ ሴቶችን ሳይጠይቁ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ የሰው ደጅ በድንጋይ መደቡ ላይ ተጋድሞ መጠጥ መጠጣት ነውር ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጠጕራቸውን ያሳደጉ ብዙ የፈረንጅ ወጣቶች ወደ ላሙ ይጎርፉ ነበር፤ የከተማይቱ ሽማግሌዎችም በአንዳንዶቹ ጠባይ አዝነዋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማ ሳያወልቅ የሚገባውን ጎብኚ የምንታዘብ ሰዎች በሌላው ደጅ ምን እንደምናደርግ ልናውቅ ይገባናል።

ሁለተኛው ዶማ ገንዘብን በተገቢው እጅ ማኖር ነው። ባለ ከረጢቱ እንግዳ ትንሽ ይከፍላል ብለው የሚንቁት አሉ። ነገር ግን አልጋውን ከቤት ባለቤት፥ ሳምቡሳውን ከመንገድ ዳር ሴት፥ ጀልባውን ከጀልበኛው የሚከራይ ከሆነ ያ ትንሽ ገንዘብ በዚያው ከተማ ትቀራለች። ብዙ ገንዘብ ያለው የውጭ ሰው ደግሞ አሮጌ ቤት ገዝቶ ያድሳል፤ ቤቱም ከመፍረስ ይድናል፤ ሆኖም የቤቱ ዋጋ ሲወጣ የከተማው ልጅ በአባቱ ሰፈር ቤት መግዛት ያቅተዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዘን አንዱን ልንጥል አንችልም። እንግዳን ብቻ ተማምኖ መኖርም አደጋ አለበት። በ2011 ዓ. ም. በዚያ አካባቢ ሁለት የውጭ አገር ሴቶች በታጠቁ ሰዎች ከተጠለፉ በኋላ እንግዳ ቀረ፤ ጀልበኛው፥ አብሳዩ፥ መንገድ መሪው ያለ ሥራ ተቀመጡ።

ሦስተኛው ዶማ ይዞት የመጣውን ቈሻሻ ትቶ አለመሄድ ነው። የባሕሩ ሞገድ በላሙ ዳር የፕላስቲክ ጠርሙስና የተጣለ ነጠላ ጫማ ይተፋል። የላሙ ጀልባ ሠራተኞች ግን ይህን ነገር በቍጭት ብቻ አላዩትም። ወደ አሥር ቶን የሚጠጋ የተጣለ ፕላስቲክ ሰብስበው፥ አቅልጠው፥ እንደ ሳንቃ እየጠረቡ አንድ የሸራ ጀልባ ሠሩ፤ ውጭውንም በ30,000 ያህል አሮጌ ነጠላ ጫማ አለበሱት። «ፍሊፕፍሎፒ» የተባለችው ይህች ጀልባ በ2018 ዓ. ም. ወደ ባሕር ወረደች፤ በ2019 ዓ. ም. እስከ ዛንዚባር 500 ኪሎ ሜትር ተጕዛ በየወደቡ ለተማሪዎች ስለ ቈሻሻ አስተማረች። የተጣለ ጫማ ባሕር ሲሻገር ያየ ተማሪ ጫማውን ሲጥል ያስብበታል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ላሙ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለችም። በማርች 2 ቀን 2012 ዓ. ም. የኬንያው ፕሬዚዳንት ምዋይ ኪባኪ፥ የደቡብ ሱዳኑ ፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በላሙ ተገኝተው የአዲሱን ወደብና ወደ አገሮቻችን የሚዘረጋውን የመንገድ፥ የባቡርና የነዳጅ ቧንቧ ሥራ መርቀው ከፍተዋል። የወደቡ የመጀመሪያ የመርከብ ማቆሚያ በሜይ ወር 2021 ዓ. ም. ሥራ ጀመረ። ከ1993 ዓ. ም. ወዲህ ባሕር ለሌላት አገራችን ይህ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ለነጋዴ አባቶቻችንም፥ ነገ ሥራ ለምንፈልገው ለእኛም።

ዳሩ ግን ወደቡ ሲቈፈር ባሕሩ ደፈረሰ፤ ትንንሽ ጀልባ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች ለዘመናት መረብ የጣሉበትን ስፍራ አጡ። ክስ አቀረቡ፤ የኬንያም ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ዓ. ም. 4,600 ለሚሆኑ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሺልንግ ካሣ እንዲከፈል ፈረደ። ይህን የምንነግራችሁ ወደቡን ለመንቀፍ አይደለም። የምንለው ይህ ነው፤ ያንን ጀልበኛ አይቶት የሚያውቅ ሰው፥ በሳንቃው ጫፍ ላይ አብሮት የተቀመጠ ሰው፥ ነገ መሐንዲስ ወይም የጉምሩክ ሹም ወይም ነጋዴ ሆኖ ስለዚያ ወደብ ሲወስን፥ በካርታው ላይ የሚያየው ሰማያዊ ቀለም ብቻ አይሆንም። የሰው ፊት ያያል። ካርታ የሠራው ሰው ጥበበኛ ነው፤ ካርታውን በእግሩ የረገጠው ግን ምሕረት ያውቃል።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ለመስጠት እንሞክር። ሁለቱ መንገደኞች በሦስት ቀን ውስጥ ተኝተዋል፥ ዋኝተዋል፥ ፈርተዋል፥ ስቀዋል፤ ማንም አለቃ አላዘዛቸውም። ነገር ግን የቤትን አሠራር፥ የውሃን ምንጭ፥ የነፋስን ወር፥ የሌላ ሰውን ሃይማኖት ማክበርን ተምረዋል። ባልና ሚስቱም በአንድ ሳንቃ ላይ ተራ በተራ ሲቀመጡ፥ አንዱ ሲደክመው አንዱ ከረጢት ሲያነሣለት፥ በሠርጋቸው ቀን ያልተዋወቁትን ያህል ይተዋወቃሉ። ዕረፍት ማለት ይህ ይመስለናል፤ ከሥራ የሚያርቀን ሳይሆን ወደ ሥራችን ሰፋ ባለ ዓይን የሚመልሰን።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ላሙ እንድትልኩን አንለምናችሁም፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ምን ያህል እንደ ከበዳችሁ እናውቃለን። የምንለምናችሁ በዚህ ክረምት «ጥቂት ቀን ወደማላውቀው አገር ልሂድ» ብለን ስንጠይቃችሁ ሥራ ፈት እንዳትሉን ነው። ስንመለስም «ምን አይተህ መጣህ?» «ምን አይተሽ መጣሽ?» ብላችሁ ጠይቁን።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር እንድንስማማ አሳብ እናቀርባለን። እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት ሆነን፥ አንዳንድ ከረጢት ይዘን፥ ከትውልድ ስፍራችን ወዳልሆነ ወረዳ እንሂድ፤ ጣና ዳርም ይሁን፥ ላንጋኖም ይሁን፥ አባያም ይሁን፥ ቆላም ይሁን ደጋ። ሦስት ነገር እንያዝ። ከምንሄድበት ቋንቋ ቢያንስ ሃያ ቃል እንማር። የሰዉ ውሃ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ። በሦስተኛውም ቀን ላስተናገደን ቤት የአንድ ቀን ሥራ እንሥራ፤ እንጨት ብንፈልጥ፥ ብናርም፥ የልጆቹን ደብተር ብናርም። ያየነውንም በሁለት ገጽ ጽፈን ለሚመጣው ዓመት የትምህርት ቤታችን መጽሔት እንላክ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ተማሪዎች አገራቸውን ከእኛ እግር ይማሩ ዘንድ።

መምህሮቻችን ሆይ፤ ጽሑፉን ስታርሙ በቀይ ቀለማችሁ እንድትራሩልን አንጠይቅም። እንድታነቡት ብቻ እንጠይቃለን።